ስለ ጨጓራ ባክቴሪያና ስለሚቈጣ አንጀት

በየቤታችን «ጨጓራ» የሚባለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ልቡ ሥር የሚያቃጥለውም፥ ከምግብ በኋላ ሆዱ የሚነፋውም፥ ሌሊት ሕመም እንቅልፍ የሚነሣውም ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» ይላል፤ ጎረቤቱም ተልባ ጠጣ ይለዋል፥ ዘመዱም ከራሱ መድኃኒት የተረፈውን ፍሬ ከመሳቢያ አውጥቶ ይሰጠዋል። እኛም እንደ ሌላው ሰው እንዲሁ ስንል ኖረናል። ዛሬ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያሰብነው ግን በቅርብ በምናውቀው በአንድ ቤት የደረሰውን ካየን በኋላ ነው።

በዚያ ቤት ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት የሆነ ወንድ ልጅ አለ። ሆዱን ማመም ሲጀምረው ደሙ ተመረመረና በጨጓራህ ውስጥ ባክቴሪያ አለ ተባለ። የታዘዘለትን መድኃኒት ጨረሰ፤ ለጥቂት ቀን የተሻለው መሰለና ተመልሶ ታመመ። ሁለተኛ ደሙ ተመረመረ፤ ያው ነገር ተገኘ፤ ሁለተኛም መድኃኒቱን ዋጠ። ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። በዚህ መካከል ልጁ ሌሊት ሌሊት ለተቅማጥ መነሣት ጀምሮ ነበር፤ ተቅማጡም ደም የተቀላቀለበት ነበር። ይህነን ግን ስላፈረበት ለእናቱም ለሐኪሙም አልተናገረም። ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ወደ ውስጥ መግባቱን አይተው እናቱ አጥብቀው ቢጠይቁት ነገሩ ታወቀ። ወደ ሌላ ሐኪም ተወስዶ ትልቁ አንጀቱ በካሜራ ሲታይ፥ ከታች ጀምሮ እስከ ግማሹ ድረስ ቀልቶና ቈስሎ ተገኘ።

እንግዲህ የዚህ ልጅ ሕመም አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነስ የጨጓራው ባክቴሪያ ከአንጀቱ ቍስል ጋር ምን ነገር አለው? እናቱ ይህነን ለሐኪሙ ሲጠይቁ እኛም አብረን ተቀምጠን ነበርና፥ ያን ጊዜ የሰማነውንና ኋላም ፈልገን ያነበብነውን ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ስለ ባክቴሪያው በመጀመሪያ እንናገር። በምዕራብ አውስትራልያ በፐርዝ ከተማ በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሐኪም ነበሩ፤ ሥራቸውም ከበሽተኞች ሰውነት የተቈረጠውን ቅንጣት ሥጋ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነበር። በ1979 ከጨጓራ የመጣውን ቅንጣት ሲመለከቱ ጠምዛዛ የሆኑ ባክቴሪያዎች አዩ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት፥ ጨጓራ ከሚያመነጨው ብርቱ አሲድ የተነሣ ምንም ነገር በሕይወት ሊኖርበት አይችልም ይሉ ስለ ነበረ፥ የዋረንን ነገር ከቁም ነገር አልቈጠሩትም። በ1981 ግን ባሪ ማርሻል የሚባሉ ወጣት ሐኪም ከእሳቸው ጋር መሥራት ጀመሩ።

ሁለቱም ባክቴሪያውን ከሰው ሰውነት ውጭ በሳሕን ላይ ለማብቀል ደጋግመው ሞከሩ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ካልታየበት ሳሕኑ ይጣል ነበር። በ1982 የፋሲካ በዓል ሆነና ሳሕኖቹ ሳይጣሉ ሰዉ ለዕረፍት ተለያየ፤ ከበዓሉ በኋላ ሲታዩ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ለካ ቀስ ብሎ የሚያድግ ኖሮ፥ ሁልጊዜ ገና ሳይበቅል ይጥሉት ኖሯል። ዳሩ ግን ባክቴሪያው መገኘቱ ብቻ በሽታ ያመጣል አያሰኝም። እንስሳትን በእርሱ ለማሳመም ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ስለዚህ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው የተራባበትን ውሃ ራሳቸው ጠጡት። ከጥቂት ቀን በኋላ ማቅለሽለሽና ትውከት መጣባቸው፤ ትንፋሻቸውም ከፋ፤ በዐሥረኛው ቀን ጨጓራቸው በቱቦ ሲታይ ተቈጥቶ፥ ባክቴሪያውም ሰፍሮበት ተገኘ። ለሚስታቸው አስቀድመው አልነገሯቸውም ነበርና ወይዘሮዪቱ ነገሩን ሲሰሙ ቶሎ መድኃኒት እንዲወስዱ አጥብቀው ያዟቸው፤ በዚህስ እኛ የምንፈርደው ለወይዘሮዪቱ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች በ2005 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ባክቴሪያው ከ1989 ጀምሮ ሔሊኮባክተር ፒሎሪ ይባላል፤ በከተማችን ግን ሰው ሁሉ «ኤች ፓይሎሪ» ብሎ ያውቀዋል። በአሲድ መካከል የሚኖርበት ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። ዩሪያ የሚባለውን ነገር ሰንጥቆ አሞንያ ይሠራል፤ አሞንያውም በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርድለታል፤ ከዚያም የጨጓራን ግድግዳ በሚሸፍነው ልጋግ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰው የሚገባው በሕፃንነት ነው፤ ይኸውም በቤተሰብ መካከል ከአፍ ወደ አፍ፥ ወይም ንጹሕ ባልሆነ ውሃና እጅ ነው። ከገባ በኋላ መድኃኒት ካላጠፋው በቀር ዕድሜ ልክ ይኖራል። በአገራችን የተደረጉት ብዙ ምርመራዎች ባንድነት ተደምረው በ2019 ሲታተሙ፥ ከተመረመረው ሰው ከግማሽ የሚበልጠው ባክቴሪያው እንዳለበት ታየ። የዘር ሐረጉን የመረመሩ ሊቃውንትም፥ የሰው ልጅ ወደ 58 ሺህ ዓመት ከሚሆን ጊዜ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ሲበተን ይህን ባክቴሪያ በሆዱ ይዞ ነው የወጣው ይላሉ። እንግዲህ የቤት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከሚሸከሙት ሰዎች የሚበዙት ምንም አይሰማቸውም። ከዐሥሩ አንዱ ያህል ግን በዕድሜው ውስጥ የጨጓራ ወይም ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀት ቍስል ያገኘዋል፤ ከጥቂቶቹም ላይ ካንሰር ይነሣል። ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር መርማሪዎች በ1994 ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር ቈጥረውታል።

ልጁን ያገኘው ሁለተኛው ሕመም የአንጀት ብግነት ይባላል። ይህም እንደ ተስቦ ወይም እንደ አሜባ ከውጭ በገባ ነገር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሰውነትን እንዲጠብቅ የተሠራው የመከላከያ ኃይል በራሱ አንጀት ላይ ሲነሣና አልበርድ ሲል ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው ትልቁን አንጀት ብቻ ከታች ወደ ላይ እያቈሰለ ይሄዳል፤ የልጁም ይኸኛው ነው። በ1932 በኒውዮርክ ሦስት ሐኪሞች የገለጹት ክሮንስ የሚባለው ግን ከአፍ እስከ መቀመጫ ድረስ የትኛውንም ክፍል፥ ጨጓራን ጭምር፥ ሊይዝ ይችላል፤ እየዘለለ ያቈስላል፥ ወደ ጥልቅም ይገባል። በእኛ አገር ክሮንስን ከአንጀት ሳንባ ነቀርሳ መለየት ሐኪሞችን ያስቸግራል፤ መሳሳቱም አደገኛ ነው፤ ለክሮንስ የሚሰጠው የመከላከያን ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት ሳንባ ነቀርሳን ያነሣሣልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በ1994 የስኮትላንድ ሐኪሞች በግላስጎው ከተማ የአንጀት ብግነት ያለባቸውን በሽተኞች መርምረው፥ የጨጓራው ባክቴሪያ በእነርሱ ላይ ከሌላው ሰው እጅግ አንሶ እንዳገኙት ጻፉ። አንጀቱ የታመመ ሰው ጨጓራውም ይታመማል ብሎ ለሚያስብ ይህ ያልተጠበቀ ነገር ነው። እነርሱም ለጊዜው ምክንያቱ በሽተኞቹ የሚውጡት ሰልፋሳላዚን የሚባለው መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ኋላ ግን በሽታው ገና በታወቀባቸውና መድኃኒት ባልጀመሩ ሕፃናትና ጐልማሶች ላይ ያው ማነስ ታየ። በ2010 ከብዙ አገሮች የመጡ ምርመራዎች ባንድነት ተደምረው ሲታተሙ፥ የአንጀት ብግነት ካለባቸው ከመቶው ሃያ ሰባቱ ባክቴሪያው ሲኖርባቸው፥ ከሌላው ሰው ግን ከመቶው አርባ አንዱ ይዞት ተገኘ። ልዩነቱም በክሮንስ በሽተኞች ላይ ይበልጥ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ባክቴሪያው አንጀትን ይጠብቃል የሚል አሳብ መጣ። ባክቴሪያው በጨጓራ ብዙ ዘመን ለመኖር ሲል የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚያረጋጉ ሴሎችን ያበዛል፤ ይህ መረጋጋት እስከ አንጀት ሊደርስ ይችላል ይላሉ። በአይጦች ላይ የተደረገው ሙከራም ይህነን የሚደግፍ ሆኗል።

እኛ ግን ዘመናችንን ያሳለፍነው በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ ነውና፥ ይህን ክርክር ስናነብ አንድ ነገር ትዝ አለን። በአንድ ሰፈር ዘበኛ የሌላቸው ቤቶች ተዘርፈው፥ ዘበኛ ያላቸው ሳይዘረፉ ቢቀሩ፥ ያዳናቸው ዘበኛው ነው ብሎ ወዲያው መፍረድ አይገባም፤ ዘበኛ ያለው ቤት ምናልባት ረጅም አጥርና ውሻም አለውና። ባክቴሪያው የጠፋባቸው ሰዎች ደግሞ በብዙ ሌላ ነገር ይለያሉ፤ ውሃቸው ንጹሕ ነው፥ ወንድምና እኅታቸው ጥቂት ነው፥ በሕፃንነታቸውም ብዙ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ወስደዋል፥ ምግባቸውም በፋብሪካ የተሠራ ነው። ከነዚህ አንዱ ባክቴሪያውን አጥፍቶ፥ ያው ራሱ ደግሞ አንጀትን አስቈጥቶ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከእኛው ወገን የሆነ ምሳሌ አለ። በ1984 እና በ1985፥ ቀጥሎም በ1991 ብዙ ቤተ እስራኤል ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሄዱ። የጨጓራው ባክቴሪያ በእነርሱ ዘንድ የበዛ ነበር፤ የአንጀት ብግነት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይታይባቸውም ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ አገር ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ ግን ሕመሙ በእነርሱም ላይ መታየት ጀመረ፤ ይልቁንም ክሮንስ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ጤፉ በስንዴ፥ የምንጩ ውሃ በቧንቧ፥ የገጠሩ ኑሮ በከተማ ባንድ ጊዜ ተለውጧል። ከተከሳሾቹ አንዱን ብቻ ለይቶ መያዝ አስቸጋሪ ነው።

የልጁ እናት ግን ይህነን ሁሉ ክርክር አልፈለጉትም። ሐኪሙ ነገሩን አስረድቶ ሲጨርስ ፊታቸው ተለወጠና «ዶክተር፥ እንግዲያውስ ባክቴሪያው ጠባቂ ከነበረ፥ ሦስት ጊዜ መድኃኒት አስውጠን ልጄን ለዚህ ያበቃነው እኛው ነን ማለት ነዋ?» አሉት። ሁላችንም ዝም አልን።

«አይደለም እናቴ» አላቸው ሐኪሙ። «ይህ ሕመም ከአንድ ነገር ብቻ አይመጣም። የዘር ነገር አለበት፥ በአንጀት የሚኖሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ነገር አለበት፥ የአኗኗርም ነገር አለበት። ምናልባት መጀመሪያ ሆዱን ያመመው አንጀቱ ይሆናል፤ የትኛው እንደ ቀደመ አሁን ሊታወቅ አይችልም። ባክቴሪያውስ ቍስልና ካንሰር እንደሚያመጣ እያወቅን ለጠባቂነት ብለን አንተወውም። የእርስዎ ልጅ መጀመሪያውኑ መታከሙ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ነው።»

ይህንም እንዲህ ሲል አብራራልን። የደም ምርመራ የሚያገኘው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት እርሱን ለመዋጋት የሠራውን መከላከያ ነው፤ ያም መከላከያ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ ለብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የዳነው ሰው ደም ሁልጊዜ «አለበት» እያለ ይመሰክራል። ባክቴሪያው ዛሬ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው የሰገራ ምርመራ፥ ወይም ዩሪያ ያለበት ውሃ ጠጥተው የሚደረገው የትንፋሽ ምርመራ፥ ወይም በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ የሚወሰደው ቅንጣት ነው። በነዚህም ለመመርመር መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፥ ኦሜፕራዞልን የመሰለው የአሲድ ማብረጃ ከቆመ ደግሞ ሁለት ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ያለው ባክቴሪያ የሌለ መስሎ ይታያል። ልጁ ይህነን ጠብቆ ሰገራው ሲመረመር ባክቴሪያ አልተገኘበትም። ሳይጠፋ አልቀረም በመጀመሪያው መድኃኒት ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ የዋጠው ሁሉ በከንቱ ነበር።

በከንቱ ብቻም ቢሆን መልካም ነበር። ባክቴሪያውን ለማጥፋት አሲድ ከሚያበርደው ጋር እንደ አሞክሲሲሊን፥ ክላሪትሮማይሲንና ሜትሮኒዳዞል ካሉት ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይሰጣሉ። እነዚህ በጨጓራ ያለውን ብቻ መርጠው አይገድሉም፤ በአንጀት የሚኖሩትንም ደጋግ ባክቴሪያዎች ያምሳሉ። አንጀቱ ደኅና የሆነ ሰው ጥቂት ተቅማጥ ይዞት ያልፍለታል። የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ግን፥ በመድኃኒቱ መካከል ተቅማጥ ቢይዘው ከሦስት ነገር አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ወይ መድኃኒቱ ራሱ ነው፥ ወይ የቀድሞው ሕመም ተነሥቷል፥ ወይም ሌሎቹ ሲሞቱ ቦታ ያገኘ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባል ክፉ ባክቴሪያ ነው። ይህም የመጨረሻው ለአንጀት በሽተኛ ብርቱ አደጋ ስለ ሆነ፥ ሰገራውን ሳያስመረምሩ በቤት ውስጥ ተቅማጥ ማቆሚያ መዋጥ አይገባም። ባክቴሪያው በእርግጥ በተገኘበት የአንጀት በሽተኛም ላይ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ ሕክምናውን አይከለክሉም፤ አንጀቱ የበረደበትን ጊዜ መርጠው፥ የአንጀቱን መድኃኒት ሳያስቋርጡ ያክሙታል እንጂ። ለዚህ ግን የጨጓራውን የሚያክመው ሐኪም የአንጀቱን ሕመም ማወቅ አለበት። ልጁ አፍሮ የደበቀው ይህነኑ ነበር።

ስለ ሕመም ማስታገሻም ሐኪሙ አንድ ቃል ጨመረ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፥ ባክቴሪያው ያለበትን ጨጓራ ይበልጥ ያቈስላሉ፥ የተቈጣ አንጀትንም ሊያስነሡ ይችላሉ። ልጁ የሆዱን ቍርጠት ለማስታገስ ዳይክሎፌናክ ከሱቅ እየገዛ ይውጥ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተናዘዘ፤ እናቱም ይህነን የሰሙት ያን ቀን ነው።

አባቱ፥ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፥ «እኛስ ሁላችን እንመርመር?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ላይ የየአገሩ ሐኪሞች አሳብ ይለያያል። በቻይና በ2021 አንዱ ባክቴሪያው ሲገኝበት ቤተሰቡ አብሮ ይታይ ብለው ተስማምተው ጽፈዋል፤ በሌሎች አገሮች ግን ቤተሰቡን ሁሉ ከመመርመር ይልቅ፥ ቍስል ያለበትን፥ አባቱ፥ እናቱ፥ ወንድሙ ወይም እኅቱ በጨጓራ ካንሰር የታመመበትን፥ ወይም አስፒሪን ለብዙ ዘመን ሊወስድ የታዘዘለትን መርጠው ያያሉ። የልጁ አባት እናት በጨጓራ ሕመም ደም እየተፉ ማረፋቸው በዚያ ጨዋታ ተነሣና ሐኪሙ አባትየውን አስመረመራቸው፤ ባክቴሪያውም ተገኘባቸውና ታከሙ። ክብደቱ ያለ ምክንያት የሚቀንስ፥ ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚጠቍር፥ ደም የሚያስታውክ፥ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፥ ወይም ደም የሚያንሰው ሰው ሁሉ ግን የባክቴሪያን ምርመራ ብቻ አድርጎ መቅረት የለበትም፤ ጨጓራው በኢንዶስኮፒ ይታይ ብሏል ሐኪሙ። ልጁን ይዞት እንደ ነበረው፥ ደም ያለበት ተቅማጥ ከሳምንት ሳምንት ሲቀጥልና ሌሊት ከእንቅልፍ ሲያስነሣ ደግሞ የሚታየው ትልቁ አንጀት ነው።

በዚያው ሰሞን እናትየው የዕቃ ቤቱን መሳቢያ ከፍተው ከየሰዉ የተረፈውን መድኃኒት አወጡ። ግማሽ የቀረ አሞክሲሲሊን፥ ስሙ የጠፋ ካፕሱል፥ ዘመኑ ያለፈበት ኦሜፕራዞል አንድ ትልቅ ሳሕን ሞላ፤ ሁሉንም አስረው ወደ መድኃኒት ቤት መለሱት። ልጁ አሁን ለአንጀቱ ሜሳላዚን የሚባለውን ይወስዳል፤ በየጊዜውም ይታያል። ሌሊት የሚነሣው ከስንት አንድ ቀን ሆኗል፤ ቀበቶውንም ባለፈው ወር ሁለት ቀዳዳ ወደ ውጭ መልሶታል።